ሁለት ደቂቃ ካለፈ በኋላ

የእድራችን ዳኛ ገብረጻድቅ ድምፁ ያማረ ሰው ነው። ያንን ድምፅ እስክሞት አልወደውም። ድሮ አንቱ እለው ነበር፤ አሁን አንቱታውን አንስቼበታለሁ።

በ2010 ዓ.ም. ጥሩምባ ነፊያችን አረጀ፤ አባሎቹም ከዓይደር እስከ ቁሓ ተበታትነናል። ገብረጻድቅ ከአዲስ አበባ ከመጣ አንድ ድርጅት ጋር ተዋዋለና እድራችንን ባለ አጭር ቁጥር አደረገው። ሰው ሲሞት «ሐዘን አለ፣ በአጭር ቁጥሩ ይደውሉ» የሚል መልእክት ይመጣልናል። ስንደውል ማን እንደሞተና የት እንደሚቀበር በተቀዳ ድምፁ ይነግረናል። ደቂቃው ሦስት ብር። አጨበጨብን፤ ሞኟ እኔም አብሬ አጨበጨብኩ።

ያን ቅዳሜ መልእክቱ ሲደርሰኝ ቁሓ፣ ልጄ ቤት ነበርኩ። ስልኬ ላይ ስድስት ብር አለ። ደወልኩ። መጀመሪያ በገና ተደረደረ፤ ቀጥሎ የዱቄት ፋብሪካ ማስታወቂያ፤ ከዚያ ገብረጻድቅ ከመዝሙረ ዳዊት እየጠቀሰ ስለ ዓለም ከንቱነት ሰበከኝ። «ዛሬ የተለዩን እናታችን ወይዘሮ...» አለና ተቋረጠ። ሒሳቤ አልቋል።

ልቤ በቀጥታ ወደ ለተመድህን ሄደ። ዓይደር ሆስፒታል ከተኛች ሁለት ሳምንቷ ነበር። በወጣትነቴ መምህር ሆኜ ከወሎ ስመጣ፣ ትግርኛ አልችል፣ ሰው አላውቅ፣ ቤቷን ከፍታ ያስገባችኝ እሷ ናት። «ሓፍተይ፣ እህቴ፣ ስሞት ቀድመሽ አፈር የምታለብሺኝ አንቺ ነሽ» ትለኝ ነበር። እኔም እሺ ብያታለሁ።

የአምስት ብር ካርድ ገዝቼ ደወልኩ። እንደገና ከበገናው ጀመረ፤ ስሙ ጋ ሳይደርስ ካርዱን በላው። ለገብረጻድቅ ሦስት ጊዜ «ደውልልኝ» የሚለውን ነፃ መልእክት ላክሁለት። አልደወለም። ለቀባሪው አረዱት ይባላል፤ እኔን ቀባሪዋን ግን የሚያረዳኝ ጠፋ።

በሚኒባስ ሮማናት አደባባይ ደረስኩ። ባሏ የተቀበረው ማርያም ስለሆነ ባጃጅ ይዤ ወደዚያ በረርኩ። እዚያ ማንም የለም። ቀብሯ ሚካኤል መሆኑን ከዘበኛው ሰማሁ። ስደርስ ሰዉ ከመቃብሩ እየተመለሰ ነው። አፈሩን ሌላ ሰው አልብሷታል።

በወሩ ስብሰባ ጸሐፊያችን ኣርሴማ የተቀጪዎችን ስም ስታነብ የኔም ተጠራ። ተዋበች፣ ከቀብር በመቅረት፣ ሃምሳ ብር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ!

ተነሳሁ። «ገብረጻድቅ፣ የሟቹን ስም ለምን መጀመሪያ አትናገርም?»

«ሓፍተይ ተዋበች፣ ተረጋጊ እንጂ። ውሉ እንደዚያ ነው።»

«የምን ውል?»

በእሱ ፈንታ ኣርሴማ አንገቷን ደፍታ መለሰችልኝ። ከሦስቱ ብር አንድ ከሃምሳው ለስልክ ድርጅቱ፣ ዘጠና ሳንቲሙ ለአዲስ አበባዎቹ፣ ስልሳ ሳንቲሙ ለእድሩ ነው። «ግን ጥሪው ከሁለት ደቂቃ ካላለፈ ለኛ ምንም አይደርሰንም» አለች።

«ስለዚህ ሬሳችንን ከሁለት ደቂቃ ወዲያ አስቀመጥከው!»

«ሓቂ እንነጋገር» አለ ገብረጻድቅ፣ ፊቱ ቀልቶ። «ድንኳኑ በምን ተገዛ? የተቀመጥሽበት ወንበርስ?»

ወንበሩን በእግሬ ገፋሁት። ከኔ አሥራ አንድ ብር ለእድሩ አንዲት ሳንቲም እንኳ አልደረሰችም፤ ብሩን የተካፈሉት ሌሎቹ ናቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልኬን ባዶ አድርጌው አላውቅም። አወጣሁና ድምፁን ከፍ አድርጌ በአጭር ቁጥሩ ደወልኩ።

በገናው ተሰማ። አዛውንቶቹ ከንፈራቸውን መምጠጥ ጀመሩ። የዱቄቱ ማስታወቂያ ሲመጣ አንዱ «ዝጊው ልጄ» አለኝ። አልዘጋሁም። ስብከቱም አለቀ።

«ዛሬ የተለዩን እናታችን ወይዘሮ ለተመድህን ናቸው። ቀብራቸው ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት በሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል።»

ከእሷ ወዲህ ሰው ስላልሞተ ድምፁ አልተቀየረም ነበር። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ በቀብሯ ላይ የቀረብኝን ለቅሶ ሁሉ አለቀስኩት። ማንም አላባበለኝም። ገብረጻድቅ ጠረጴዛውን ያያል።

ሃምሳ ብሩን ፊቱ አስቀመጥኩ። «ከዚህስ ለስልክ ድርጅቱ ስንት ይደርሰዋል?» አልኩት።

ደረሰኙን በራሱ እጅ ጻፈና ሰጠኝ። እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ አለ። «ምክንያት፦ ከወይዘሮ ለተመድህን ቀብር መቅረት» ይላል።