የአሥራ ሁለት ሰዓቱ ጥሪ

የፍሬአብ በሽታ እንቅልፍ ነበር። ይህን ለማወቅ የካዛንቺሱ ኮሌጅ የተማሪዎች አማካሪ ወይዘሮ ሸዋዬ ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው፤ ልጁ መጀመሪያ በጨጓራው፣ ከዚያ በታክሲ፣ ከዚያ በዝናብ ሲያሳብብ ከርሟላ! ያ የሚሌኒየሙ ዓመት ነበር፤ ፍሬአብም ከወልዲያ መጥቶ ላንቻ ብቻውን ቤት ከተከራየ ገና አራት ወሩ። እስካሁን ስድስት ቀን ከትምህርት ቀርቷል። ሰባተኛ ቀን ከቀረ ፈተና አይቀመጥም።

«እስቲ እውነቱን ንገረኝ። ማነው የሚቀሰቅስህ?»

ፍሬአብ ጫማውን ጫማውን አየ። «እማ ናት። ማለቴ... አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትደውላለች፣ በቃ እነሳለሁ።»

«የቀረህባቸው ቀናትስ?»

«ለቅሶ ስታድር ነው፣ ቲቸር።»

ሸዋዬ ሳቃቸውን ዋጡ። ልብሱን ማጠብ ያቃተው፣ ጭፈራ ቤት የለመደ፣ ያላዩት ተማሪ የለም። ወልዲያ ሰው በሞተ ቁጥር አዲስ አበባ ላይ ትምህርት የሚቀርበት ግን የመጀመሪያቸው ነው።

«ስልክህ ደወል የለውም?»

«አጠፋውና እተኛለሁ። እማን ግን ማጥፋት አይቻልም።»

«እንግዲያው ነገ እናትህ አትደውልም።»

ልጁ ደነገጠ። «ነገ ብቀር እኮ አለቀልኝ!»

«አውቃለሁ።»

እናቱ ወይዘሮ ልደት በስልክ ሲነገራቸው፣ «ውይ! ቢቀርስ?» አሉ።

«ይቅር» አሉ ሸዋዬ። አፋቸው ደፈረ እንጂ ሆዳቸው ፈርቶ ነበር።

በማግስቱ ከዘበኛው ቀድመው ግቢው በር ላይ ቆሙ። የሚያልፈውን ሁሉ ፊት ፊቱን ሲያዩ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ፍሬአብ ፀጉሩ እንደረጠበ ከመስቀል አደባባይ በኩል እየሮጠ መጣ።

«ቲቸር! ስልኩን ቁም ሳጥን ላይ ሰቅዬው አደርኩ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እኔው ለእማ ደወልኩላት። ተኝታ ነበር፣ እኔ ቀሰቀስኳት!» ብሎ ደረጃውን ሦስት ሦስቱን ወጣው።

ሸዋዬ ደስታቸው ፊታቸው ላይ ሞልቶ ቢሯቸው ሲገቡ ስልኩ ይጮሃል። ወልዲያ ነው።

«ደረሰ?»

«ደርሷል። ደግሞ እናቴን ቀሰቀስኳት እያለ ይኮራል።»

ወይዘሮ ልደት ሳቁ፤ ሳቃቸው መሀል ላይ እንባ ነበረበት።

«ምን ተኝቼ! ስልኩን ጭኔ ላይ አድርጌ ቁጭ ብዬ ነው ያነጋሁት። ሲጠራ ግን ትንሽ አቆየሁና እያዛጋሁ አነሳሁለት። አደራዎን፣ እንዳይነግሩብኝ!»