ቢላዋውን ለዊዳድ ሰጠቻት

እንዴት ቢላዋውን ለሷ! ሱሀይላ እናቷ ይሄን ማድረጓን እስካሁን ማመን አቅቷታል። ዊዳድ እኮ ከጂጂጋ ከመጣች ገና ሁለት ሳምንቷ ነው! የአጎቷ ልጅ ናት፣ እሺ፤ ቆንጆ ናት፣ እሱም እሺ፤ ግን ቢላዋው! ሱሀይላ ያንን የንብ ሙጫ መፋቂያ ቢላዋ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትለምን ነው የኖረችው። "ኡሚ፣ ዛሬ እኔ ልፋቅ?" ባለች ቁጥር የእናቷ የፈዲላ መልስ አንድ ነው፦ "አትንኪ! ሂጂ ውሃ አፍዪ።" ይኸው አስራ አምስት ዓመት ሞላት፣ አሁንም ውሃ አፍዪ!

ሙጫው ንቦች የቀፏቸውን ስንጥቅ የሚደፍኑበት ጥቁር ነገር ነው። ፈዲላ ሀርጌሳ ውስጥ፣ አሕመድ ዳጋህ በሚባል ሰፈር፣ ማር ትሸጣለች፤ ሙጫውን ደግሞ ከቀፎ ላይ ፍቃ፣ በሰሊጥ ዘይት ለዘብ ባለ እሳት አሙቃ፣ በሻሽ አጥልላ ቁስል ላይ ትቀባዋለች። ያኔ ሀርጌሳ ከጦርነቱ በኋላ እንደ አዲስ እየተሠራች ነበርና ቆርቆሮ የቆረጠው፣ ቁስሉ ያመረቀዘበት ሁሉ እሷ ጋ ይመጣል። የባሰበትን "ይሄ የሐኪም ነው" ብላ ትሸኘዋለች። ሌላውን መጀመሪያ ክንዱ ላይ ጠብ ታደርግለትና "ነገ ተመለስ" ትለዋለች። ለሱሀይላ ደንበኛ ማመላለሻ ዘዴ ነበር የሚመስላት።

ግንበኛው ገነነ ቅልጥሙ መግል ይዞ መጥቶ በሳምንቱ ደረቀለት። አጥቦ የቀባው ማን ነው? ዊዳድ!

"ዶክተር ዊዳድ፣ እጅሽ ይባረክ!" አለ።

"እጇ ቁርጥ የኔን ነው" አለች ፈዲላ፣ ደስ ብሏት።

ቁርጥ የኔን! ልጇ ውሃ ማፍያ ይዛ እዚያው ቆማ! ወላሂ ሱሀይላ ፍም የዋጠች ነው የመሰላት።

ዓርብ ጠዋት ፈዲላና ዊዳድ አራስ ሊጠይቁ ሼክ ኑር ወደሚባለው ሰፈር ሄዱ። ሱሀይላ በሩ እስኪዘጋ እንኳ አልጠበቀችም። ሙጫውን በቢላዋ ፋቀችው፣ በጣቷ አሸችው፣ እስከ አንጓዋ ተለወሰች። ሽታው ደስ ሲል!

ገነነ፣ አሁን ደግሞ እጁን ቆርቆሮ ቆርጦት፣ ብቅ አለ። "ዶክተሯ የለችም?"

"አለች። እኔ ነኝ! ቁጭ በል ጋሼ ገነነ።"

ቀባችው፣ አሰረችለት። እየሳቀ መርቋት ሄደ። ቀኑን ሙሉ መሬት አልረገጠችም።

ማታ እጇን በላት። ሲነጋ ጣቶቿ እንደ ዳቦ ተነፍተው ነበር፤ በዚያው እጅ ያሸችው ዓይኗም አልገለጥ አለ።

"ያ ረቢ! ነካሽው?" ፈዲላ ጭኗን መታች። "አትንኪ አላልኩሽም?"

"ለዊዳድ ስትሰጪያትስ? እሷን ነው የምትወጂው!"

"አንቺ ጅል! አራት ዓመት ሆኖሽ ጉልበትሽ ላይ ቀባሁሽና ፊትሽ አብጦ ዓይንሽ ጠፋ። ሦስት ቀን አቅፌሽ ቁጭ። ከዚያ ወዲህ ነው ማንንም ክንዱን ሳልሞክር የማልቀባው። አንዳንዱን ሰውነቱ አይቀበለውም፣ አንቺን ጨምሮ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

ፈዲላ የልጇን ያበጠ እጅ ወደ ራሷ ሳበች። "ስታብጪ ያየሁት ዓይኔ ላይ ይመጣብኛል" አለች።

እጇን በቀዝቃዛ ውሃ አጥባ ሐኪም ጋ ወሰደቻት፤ የሚቀባ ሰጧት። ቤት ሲገቡ ሱሀይላ ማንኪያ እንኳ መያዝ አቃታት፤ ዊዳድ ናት ያጎረሰቻት። ያንገበግባል!

"አፍሽን ክፈቺ፣ ዶክተር።"

"ሰማሽ አይደል?" አለች ሱሀይላ አፏ ሞልቶ። "የክንዱ ነገር ከኔ ነው የመጣው! የከተማው ክንድ ሁሉ!"

በማግስቱ አንድ ዓይኗን ጨፍና በሩ ላይ ወንበር ዘረጋች። ቢላዋው ዊዳድ እጅ ነው፣ ይሁን። ግን አንድም ቁስለኛ እሷን ሳያልፍ አይገባም።

"ክንድ!" ትላለች። "ትናንት የተቀባህበትን አሳየኝ። ቀልቷል? ሂድ። አልቀላም? ግባ።"

ዊዳድ ሙጫውን ይዛ ልታልፍ ስትል ወንበሩን ገፋ አድርጋ መንገዱን ዘጋችባት።

"አንቺም፣ ክንድ!"