ወተት አላለችም

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ምላሴ ከመቀሴ ይሳላል ይሉኛል፣ አልክድም። ጆሮዋ ከማይሰማው ታናሽ እህቴ ጋር ያደግኩት ግን በእጅ እያወራሁ ነው። ቋንቋዋን ከእናታችን ቀድሜ ያወቅኩት እኔ ነኝ እያልኩ ስኩራራ ነው የኖርኩት። ስለዚህ ያን ቀን ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ልጇ ቀሚሴን ጎትታ እጇን ስታነሳ፣ ምን ማለቷ ይሆን ብዬ ለአፍታም አልተጠራጠርኩም።

ልጅቷን ፌንጣ የምንላት እግሯ አርፎ ስለማያውቅ ነው። ገና አንድ ዓመት ከስምንት ወሯ ነው፤ እሷም እንደ እናቷ አትሰማም። ያሏት ሃያ የማይሞሉ ቃላት በሙሉ በእጇ ነው የሚነገሩት። እህቴ ጫማ ፋብሪካ ቆዳ ስትቆርጥ ስለምትውል፣ ፌንጣ እኔ ሱቅ፣ ከስፌት መኪናው ሥር በጨርቅ ቁርጥራጭ ስትጫወት ትውላለች።

ጡጫዋን ደረቷ ላይ አድርጋ ከፈተችው። በእነሱ ቋንቋ ጡጫ ደረት ላይ ሲከፈትና ሲዘጋ ወተት ነው፣ ላም እንደ ማለብ። ወተት አሙቄ ሰጠኋት። አንዴ ተጎነጨችና መልሳ አስታወከችው። ከዚያ ደግሞ ጡጫዋን ከፈተች።

«ቀበጥ! ራስሽ ጠይቀሽ ራስሽ ትተፊያለሽ?» ብዬ ተቆጣሁ። እንደማትሰማኝ እያወቅኩ ነው የጮህኩት፤ ለሰርግ የሚደርስ ኮት ይዤ ስለነበር ትዕግሥቴ አልቆ ነበር። ወደ ኮቴ ተመለስኩ።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ለሃጯ ቀሚሷን አርሶት አየሁ። ምራቋን እንኳ መዋጥ አቅቷታል። ለእህቴ በስልክ መልእክት ጻፍኩላትና ልጅቷን ታቅፌ ሆስፒታል ሮጥኩ። ተራ እስኪደርሰን አንድ ሰዓት ተኩል ሄደ።

ተረኛው ሐኪም ወጣት ነው። አፏን ከፍቶ በእጅ ባትሪ ጉሮሮዋን አየ።

«ትንሽ ቀልቷል፤ ቶንሲል ሳይሆን አይቀርም። የዋጠችው ነገር አለ?»

«ኧረ ምንም! ወተት ወተት ስትለኝ ነው የዋለችው፤ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

«ታወራለች እንዴ?»

«በእጇ ነዋ። ቋንቋዋን ደግሞ እንደ እኔ የሚያውቅ የለም።»

አመነኝ። ሽሮፕ ጻፈልን።

ወረቀቱን ተቀብዬ ልወጣ ስል እህቴ የሥራ ሽርጧን እንዳደረገች በሩን በርግዳ ገባች። ልጇን ከእቅፌ ወሰደች። ፌንጣ የእናቷን ፊት ስታይ፣ በዚያ ድካሟ፣ ጡጫዋን ደረቷ ላይ ከፈተች፤ ቀጥሎ ጣቷን አንገቷ ላይ አሳረፈች።

«አየሽ? ከጠዋት ጀምሮ ወተት ነው የምትለው» አልኳት በእጄ።

እህቴ ጣቶቿን አፈጠነችብኝ። «ወተት አላለችም። ወተት ይከፈታል፣ ይዘጋል። ይሄ አንዴ ተከፍቶ ቀረ። መብራት ነው ያለችው።»

«መብራት ከግንባር በላይ ነው እኮ!»

«ላንቺ! እሷ ገና እዚያ ላይ ማድረግ አትችልም፤ እጇን ራሷ የምታየው ቦታ ታወርደዋለች። ያንቺ ልጅ ካልሲን ‹ታልሲ› ይላል ብለሽ ስትስቂ አልነበር? ለሱ ገብቶሽ ለሷ እንዴት አልገባሽም? የምን መብራት ነው ያለሽ?»

አለኝ። መርፌ ውስጥ ክር ስከት የማበራት፣ አውራ ጣት የምታህል ባትሪ አለችኝ። የኋላ ክዳኗ ከተሰበረ ሳምንት አልፎታል፤ በፕላስተር ነው የለጠፍኩት። የዚያን ዕለት ጠዋት አልበራ ስትለኝ ምን ሆነች ብዬ እንኳ ገልብጬ አላየሁም፣ ወደ ጎን ወረወርኳት እንጂ።

«ዶክተር! ባትሪ ውጣለች!»

«ባትሪ?» አለ፣ ጉሮሮዋን ያየበትን የእጅ ባትሪ ከፍ አድርጎ። «እናቴ፣ ይሄ እንዴት ይዋጣል?»

«ድንጋዩን ነው የምልህ! የባትሪ ድንጋይ! ጠፍጣፋዋን፣ የኮት ቁልፍ የምታህለውን!»

ሐኪሙ የመድኃኒቱን ወረቀት ከእጄ መነተፈኝ። ከዚያ በኋላ ማንም በእርጋታ አልተራመደም። ራጁ ላይ፣ ከአንገቷ ግርጌ፣ ነጭ ክብ ነገር ቁጭ ብሏል። «ምግብ መውረጃዋን እያቃጠለው ነው» ብሎ ይዟት ሮጠ። ነርሷ ግሉኮስ ልትሰካ የልጅቷን ቀኝ እጅ ከጣውላ ጋር ማሰር ስትጀምር እህቴ የነርሷን ክንድ ይዛ አስቆመቻት። «አፏን ልታስሪው ነው በያት» አለችኝ። ተረጎምኩ። በግራዋ ሰኩላት።

ኮሪደሩ ላይ ቆመን ጠበቅን። እህቴ ዓይኗን ከበሩ አልነቀለችም።

የወጣችው ሐኪም ጠና ያለች ሴት ናት። «ባትሪዋን አውጥተናታል» አለች። «ቃጠሎው ግን ጠለቅ ያለ ነው፤ ትበላለች ወይ፣ ትውጣለች ወይ፣ ገና እናያለን። ስንት ሰዓት እንደቆየ ማወቅ አለብኝ። መቼ ነው የዋጠችው?»

እህቴ እጄን እያየች ትርጉሙን ትጠብቃለች። እዚያ ኮሪደር ላይ ሁለቱንም ቋንቋ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ለሐኪሟ አንዱን፣ ለእህቴ ሌላውን ብል የሚያጋልጠኝ አልነበረም። ይህን ማሰቤን አልደብቅም፤ አሰብኩት።

«አራት ሰዓት ላይ፣ ወይ ጥቂት ቀደም ብሎ» አልኳት ሐኪሟን።

«ከአምስት ሰዓት በላይ» አለች፤ ጻፈችና ተመልሳ ገባች።

«ምን አለች?» አለችኝ እህቴ።

እጄን አነሳሁ። «ልጅሽ አራት ሰዓት ላይ ነግራኛለች። ሁለት ጊዜ። ወተት ሰጠኋት፤ ተቆጣኋት።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከእጅ የወጣም አይመለስም። እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ በእነሱ ቋንቋ ፊት ማዞር ማለት ጆሮ መድፈን ነው፣ ከዚያ ወዲያ የምናገረው ቃል የሚደርስበት መንገድ የለም።

ለጀርባዋ ይቅርታ ስል ቆየሁ።