የቀይ ዘይቱ ቅዳሜ

ባሌ ቨርሊን መኪናውን ለሌላ ሰው እጅ ሰጥቶ አያውቅም። ዘይት የሚቀይረው እሱ ነው፣ ፍሬን የሚፈታው እሱ ነው። የመኪናውን ካምፓኒ ጋራዥ የሚያውቀው በመንገድ ሲያልፍ ነው፤ ያኔም ፊቱን ያዞራል። እዚህ ሰሜን ሚኒሶታ ይሄ ብርቅ አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት የመኪና ቤታችን በር ወደ ላይ ይከፈታል፣ ታጣፊ ወንበሮች ይዘረጋሉ፣ ጎረቤት ቡናውን በፔርሙስ ይዞ ብቅ ይላል። ሳሎናችን ለገና ነው። ሰው የምንቀበለው ዘይት ዘይት በሚሸተው ቤት ውስጥ ነው።

በበጋው ግን ዳሌው በቀዶ ጥገና ተቀየረ። ሐኪሙ መንበርከክም ሆነ መሬት ላይ መተኛት ከለከለው። በዚያው ሰሞን ልጃችን ካሪን አሮጌዋን ፒክአፕ አሽጣ አዲስ መኪና አስገዛችን። መኪናዋ ሁለት ዓመት ነፃ ሰርቪስ አላት።

«አባዬ፣ አንተ ቁጭ ብለህ መጽሔት እያገላበጥክ እነሱ ይጨርሱልሃል» አለችው።

ከዚያ ወዲህ የመኪና ቤቱ በር ቅዳሜ መከፈቱን ተወ፤ ጎረቤቶቹም ቀሩ። ቨርሊን መስኮት ሥር ይቀመጥና ገና የቁርሱን ሳህን ሳላነሳ ምሳ ምን እንደሆነ ይጠይቀኛል። መጀመሪያ አናደደኝ። በኋላ ግን ፈራሁ። ሰውዬው ዓይኔ እያየ ሊያልቅብኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

አንድ ቀን እራት ላይ ጨክኜ ተናገርኩ። «ከመኪናዋ ሥር እኔ እገባለሁ፤ አንተ ወንበርህ ላይ ሆነህ ትነግረኛለህ።»

«አንቺ?»

«እኔ። ዕድሜ ልኬን የተማሪ አውቶቡስ በበረዶ ላይ ስነዳ ኖሬ ጠብታ ዘይት ያስፈራኛል?»

ድንቹን ሲያላምጥ ቆየ። «ቱታዬ ይሰፋሻል» አለኝ።

«እጥፈዋለሁ።»

በእሱ ቋንቋ ይሄ እሺ ማለት ነው። ካሪን ስትሰማ ግን ደወለች። «እማዬ፣ ነፃ እኮ ነው።» አውቃለሁ አልኳት። «እንግዲያው አንድ ነገር ብታበላሹ መኪናዋ ለካምፓኒው ጋራዥ ትሄዳለች፤ የመኪና ቤቱ ነገር እዚያው ያበቃል። ቃል ግቢልኝ» አለች። ቃል ገባሁላት። ምን ምርጫ ነበረኝ?

ቅዳሜ በሩን ከፈትነው። ገና ወንበሩ ሳይዘረጋ ጎረቤታችን ቶይቮ መንገዱን አቋርጦ መጣ። ቶይቮ የፊንላንድ ዘር ነው፤ ቃል ሲያወጣ ከኪሱ የሚከፍል ይመስላል። ኬክ አቀረብኩለት፤ አይ ይቅርብኝ አለ። ደግሜ አቀረብኩ፤ ጠግቤያለሁ አለ። ሦስተኛ ስለው «እንግዲህ ካልሽ» ብሎ ትልቁን ቁራጭ አነሳ። እኛ ጋ ወግ እንዲህ ነው፤ በመጀመሪያው እሺ የሚል ሰው አሳዳጊ የበደለው ነው። ሰውን ፊት ለፊት ተሳስተሃል ማለትማ ጭራሽ አይታሰብም።

ቨርሊን አዲሱን የዘይት ፊልትሮ ጭኑ ላይ አስቀምጧል። ሁልጊዜ ከመግጠሙ በፊት ቀኑን፣ መኪናዋ የሄደችውን ማይል፣ ከሥሩም የስሙን የመጀመሪያ ፊደል በጥቁር ማርከር ይጽፍበታል። ማንም አያየውም፤ ሞተር ሥር ተደብቆ ነው የሚከርመው። እሱ ግን የሠራውን ሥራ ሳይፈርምበት አይለቅም።

መኪናዋን በክሪክ አነሳናት፣ በብረት አስደገፍናት፣ እኔም ጎማ ባለው ሳንቃ ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ ወደ ውስጥ ተንሸራተትኩ። ከሥር ሆኜ የሚታየኝ የቨርሊን ጫማና የምርኩዙ ጫፍ ብቻ ነው።

«አንድ ቡሎን ፊት ለፊት ይታየኛል። ወደ ኋላ ደግሞ ክዳን ያለው ነገር አለ» አልኩ።

«የፊቱን ፍቺ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አርዲስ፣ እኔ ዘይት መቀየር ስጀምር አንቺ ገና የፀጉርሽን ሪባን ትመርጪ ነበር።»

ቶይቮ ጎንበስ ብሎ ወደ ሥር አየ። «እንግዲህ» አለ። ትንሽ ቆየና፣ «ያ ለየት ያለ ነው» ብሎ ወደ ኬኩ ተመለሰ።

እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ ሴት ያኔ መንቃት ነበረብኝ። እኛ ጋ «ለየት ያለ ነው» የሚባለው ጎረቤት ቤቱን ሐምራዊ ቀለም ቀብቶ ሲያበላሸው ነው። እኔ ግን መፍቻውን ጨብጬ ልቤ በሥራው ሞቆ ነበር። ገፋሁት፣ ላላ፣ በጣቴ አዙሬ አወጣሁት። ዘይቱ እየተንዠቀዠቀ ወረደ፤ ግማሹም እጅጌዬ ውስጥ ገባ። ቀይ ነው፣ ልክ እንደ እንጆሪ ጭማቂ።

«ቨርሊን፣ የሞተር ዘይት ቀይ ነው እንዴ?»

የምርኩዙ ጫፍ ወደ እኔ ቀረበ።

«አይደለም» አለ። «ያፈሰስሽው የካምቢዮውን ነው።»

ተንሸራትቼ ወጣሁ። ቨርሊን ማጠራቀሚያ ሳህን ሙሉ ቀይ ዘይቱን እያየ ከንፈሩን ነክሷል። መስኮት ሥር ሲቀመጥ የሚይዘውን ፊት ይዟል። ንዴቴን ወደ ቶይቮ አዞርኩት።

«አይተህ ነበር አይደል?»

«ነግሬያችኋለሁ እኮ።»

«ምን ብለህ?»

«ለየት ያለ ነው አልኩ። ልደግመው ነበር፤ መጨቅጨቅ እንዳይመስልብኝ ብዬ ተውኩት።»

የከፋው ነገር፣ ያን ቀይ ዘይት በአካባቢያችን የሚሸጠው የካምፓኒው ዕቃ መሸጫ ብቻ ነው። ቶይቮ በራሱ መኪና ወሰደን። መንገድ ላይ «ያጠፋሁት እኔ ነኝ እላለሁ፤ አንተ ዝም በል» አልኩት ቨርሊንን። እሱ ወደ ውጭ፣ ቅጠላቸው የረገፈ የበርች ዛፎችን እያየ ነበር።

ከዕቃ መሸጫው ባንኮኒ ጀርባ ፂሙን አሳምሮ የተከረከመ ወጣት ቆሟል። ከኋላችን መኪናቸውን የሚጠባበቁ ሰዎች በተርታ ተቀምጠዋል፤ ሁለቱ የእኛው ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው። መጽሔታቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ምን ያህል ዘይት ነው የምትፈልጉት?» አለ ወጣቱ።

«ካምቢዮው ባዶውን ነው» አለ ቨርሊን።

ወጣቱ እስከ ክርኔ የቀላውን ቱታዬን አየ። እኔ ቀደም ብዬ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ቡሎኑን…» ማለት ስጀምር ቨርሊን ወለሉን በምርኩዙ መታ አደረገ።

«ጥፋቱ የእሷ አይደለም» አለ፣ ወንበር ላይ ያሉት ሁሉ በሚሰሙት ድምፅ። «እርግጠኛ ነህ ብላ ጠይቃኛለች። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። የአሮጌዋን መኪና ነበር የማስበው፤ ይቺን ከሥሯ አይቻት አላውቅም።»

በእኛ ከተማ እንዲህ ያለ ንግግር በአደባባይ አይሰማም። ከጋብቻችን ጀምሮ «ተሳሳትኩ» የሚል ቃል ከአፉ ሲወጣ ያን ቀን ገና መስማቴ ነው። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አልክድም።

ወጣቱ ጣሳዎቹን እየደረደረ፣ «ጋሼ፣ አይዞዎት። አባቴም ይህንኑ ቡሎን ፈትቶታል» አለ።

«ታዲያ ምን አለ?»

«የፈታችው እናቴ ናት እያለ እስከ ዛሬ ይምላል።»

ቨርሊን ሳቀ። በጋው ካለቀ ወዲህ ሲስቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር።

ቤት ተመልሰን ካምቢዮውን ሞላነው፤ ሞተሩን አስነስተን ማርሹን እየቀያየርን ልኩን አየን። ከዚያ እንደገና ከሥር ገባሁ። ክዳኑን ሳነሳ ትክክለኛው ቡሎን እዚያው ተቀምጧል። ስፈታው ጥቁር ዘይት ወረደ። ጥቁር ነገር እንዲህ ያስደስታል ብዬ አስቤም አላውቅ። አሮጌውን ፊልትሮም ፈትቼ አወጣሁ። ይሄኔ ስልክ ጮኸ። ካሪን ናት። ቨርሊን ድምፁን ለሁላችንም ከፈተው።

«እንዴት ሆነ?» አለች።

ትንፋሼን ያዝኩ። እሱ ግን ቀይ ዘይቱንም፣ ወንበር ላይ የነበሩትንም፣ አንዱንም ሳያስቀር ነገራት። «ቃል ቃል ነው። ሰኞ ለካምፓኒው እወስዳታለሁ» ብሎ ጨረሰ።

ቶይቮ እንኳ ማላመጡን አቆመ።

«አባዬ፣ ባትነግረኝ እኮ አላውቅም ነበር።»

«ብደብቅሽ እዚህ ቤት በገባሁ ቁጥር ያሳፍረኛል።»

«አሁን መኪናዋ ትሠራለች?»

«ትሠራለች። እናትሽ ከሥሯ ናት።»

«ዘይቱ ለእናንተ ይሁን» አለች ካሪን። ድምፅዋ ውስጥ ሳቅ ነበር። «ሌላው ሌላው ለእነሱ። የሚቀጥለው ሲደርስ እኔም መጥቼ አያለሁ።»

«መጥፎ አይደለም» አለ ቶይቮ። እሱ ከዚህ በላይ አሞግሶ አያውቅም።

የቨርሊን እጅ አዲሱን ፊልትሮ ይዞ ወደ ታች መጣ። «ጠርዙ ላይ ያለውን ጎሚኒ ዘይት ቀቢው። በመፍቻ እንዳታስሪው፣ በእጅሽ ብቻ» አለኝ።

ተቀበልኩና ወደ መብራቱ አዞርኩት። ቀኑ በጥቁር ማርከር ተጽፏል፣ ማይሉም አለ። ከሥራቸው የሰፈረው ፊደል ግን የእሱ አይደለም፤ የእኔ ስም መጀመሪያ ነው። ፊልትሮውን ቦታው ላይ አድርጌ በእጄ አጥብቄ አሰርኩት።