ሁሉን ቻይ ፒንሳ

ሐሙስ ሐሙስ ከቡርጋስ ከተማ የሚመጣው ነጋዴ ከዕቃው ምላሱ ይበልጣል። ኔዳ ይህን አሳምራ ታውቃለች። አምና የሸጠላት ድስት ከገዛ ክዳኑ ጋር አልገጥም ብሎ ነበር፤ ካልሲው ደግሞ አንዴ ታጥቦ ለሕፃን እንኳ የማይበቃ ሆነ። ቢሆንም መኪናውን ከደረቀው ምንጭ አጠገብ አቁሞ ጡሩምባውን ሲያስጮኽ ሻሿን አስራ ወጣች። ሰው በጠፋበት መንደር ውሸታምም ሰው ነው።

«ይምጡ እማማ! ዛሬ ያመጣሁትን ካዩ ሌላ ዕቃ አያምርዎትም» አላት።

ከኪሱ መዳፍ የሚሞላ የሚያብለጨልጭ ብረት አወጣና ሁለት ጎኑን ይዞ ገለበጠው፤ ፒንሳ ሆነ። ከአንዱ እጀታ ቢላ፣ መጋዝና ሞረድ፣ ከሌላው ካቻቢቴ፣ መቀስና የጠርሙስ መክፈቻ እየመዘዘ አሳያት።

«አንድ ጋራዥ ሙሉ ዕቃ በቀሚስ ኪስ! ከእንግዲህ የማንንም በር አያንኳኩም። ዋስትናው ደግሞ የዕድሜ ልክ ነው።»

ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት ይባላል። ኔዳን ግን ያማራት ሁሉም አይደለም። ልቧን የነካው «የማንንም በር አያንኳኩም» ያለው ነው። ሃያ አምስት ሌቫ ከፍላ ኪሷ ከተተችው።

ዱብራቫ ሠላሳ ቤት ያላት መንደር ናት። ጎልማሶቹ ወደ ከተማ፣ ከዚያም ወደ እስፔንና ወደ ጀርመን ሄዱ፤ ሽማግሌዎቹ ወደ መቃብር። የሄደው ሁሉ ሲሄድ ቁልፉን ኔዳ መዳፍ ላይ አኑሮ «ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ዐይንሽን ጣል አድርጊበት» ብሏታል። ቁልፎቹን በሽቦ ሰካክታ ከበሯ ኋላ ሰቅላለች። ዝናብ በጣለ ማግሥት እየዞረች የላላውን መስኮት ታጠብቃለች፤ የውሃ መውረጃውን ከቅጠል ታጸዳለች። የሟች ባሏ የዕቃ ሣጥን ግን ዓመት በዓመት እየከበዳት መጣ። በጸደይ ያንኑ ሣጥን በአንድ እጇ እንዳንጠለጠለች ከመሰላል ወደቀች።

ይህን ያየው ቶንቾ ነው። ቶንቾ ከላይ በኩል ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ነው፤ ከኔዳ ሌላ በመንደሩ የቀረ ሰው እሱ ብቻ ነው። ደግፎ አስነሳትና ዞር ብሎ ፕሎቭዲቭ ከተማ ላለችው ልጇ ለራሊትሳ ደወለ። ራሊትሳ ክፉ ልጅ አይደለችም፤ እሑድ እሑድ ለእናቷ ሳትደውል ቀርታ አታውቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ወሬዋ አንድ ሆነ። «እማዬ፣ ክፍልሽን ቀለም አስቀብተን እየጠበቅንሽ ነው። ሌላ አንድ ነገር ደረሰብሽ ሲሉ ብሰማ ፔታር መኪናውን አስነስቶ ይመጣል፤ እምቢ ማለት የለም።» ፔታር አማቿ ነው። ኔዳ ያን ክፍል አይታዋለች። ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮቱ የሚያየው የሌላ ሕንፃ ግድግዳ ነው። እዚያ ቁልፉን አደራ የሚላት ሰው የለም።

ስለዚህ ቶንቾን «አሳባቂ!» አለችው፤ እሱም «ሁለተኛ አንቺን ያነሳ እጅ ይሰበር!» አላት። በሠላሳ ቤት ሁለት ሰው ቀርቶ ሁለቱ ተኮራርፈዋል፤ እግዜር ራሱ ሳይስቅ አልቀረም። ብቻ ኔዳ ጠዋት ዶሮዎቿን ስትለቅ ቀና ብላ የቶንቾን የጭስ መውጫ ታያለች። ጭሱ ከወጣ «አልሞተም» ትልና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የቁልፎቹን ሽቦ ወገቧ ላይ አንጠልጥላ ቤቶቹን ልትዞር ስትወጣ፣ የራሷ በር እጀታ እጇ ላይ ተነቃነቀ። የሰው በር ስታበጅ የራሷን ረስታለች። «በል እንግዲህ፣ ጉድህን ልየው» ብላ አዲሱን ዕቃ አወጣች። ካቻቢቴውን ብሎኑ ላይ አድርጋ ስትጠመዝዘው ብሎኑ ንቅንቅ አላለም፤ የዞረው ካቻቢቴው ነው። እሳት እንዳየ ሻማ ተጣመመ። ኔዳ ተናደደች። የውስጡንና የውጩን እጀታ የሚያገናኘውን ዘንግ በፒንሳው ጥርቅም አድርጋ ስትይዘው የፒንሳው አንዱ መንጋጋ ተቀንጥሶ ሣሩ ውስጥ ገባ። ዘንጉ ወደ ውስጥ ተንሸራተተ፤ የውስጡ እጀታ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ሰማችው። ነፋሱ ደግሞ ይህን ሲጠብቅ እንደነበር ሁሉ በሩን ገፍቶ ዘጋው።

ምድጃዋ፣ ካፖርቷ፣ ስልኳ፣ የባሏ የዕቃ ሣጥን፣ ሁሉም ውስጥ ቀሩ። መስኮቶቹን ባሏ ሌባ ፈርቶ በብረት አሳጥሯቸዋል፤ ሌባው ራሱ መንደሩን ጥሎ ከሄደ ቆይቷል። ወገቧ ላይ የአገሩ ቁልፍ ይንቃጨላል፤ የሷ በር ግን የቸገረው ቁልፍ አይደለም። ቢላውን በበሩ ስንጥቅ አስገብታ ሞከረች፤ ታጠፈ። መጋዙን ጨርሶ አልሞከረችውም።

ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ለሃያ አምስት ሌቫው አልነበረም። ማንንም ሳትለምን የሚያኖራትን ነገር የገዛች መስሏት ነበር። ቶንቾ ጋ ፒንሳ አለ፤ ደህና ፒንሳ፣ የድሮ ብረት። ግን ምላስም አለ። ዛሬ እሱ ጋ ከሄደች ራሊትሳ ትሰማለች፤ ነገ ፔታር ከች ይላል።

ዝናቡ ማካፋት ሲጀምር ተነሥታ ከጎኗ ወዳለው ወደ ሜቶዲ ቤት ሄደች። ሜቶዲ የቶንቾ የልጅነት ጓደኛ ነው። ልጆቹን ተከትሎ እስፔን ከገባ ወዲህ በየዓመቱ «ዘንድሮ ለወይን ለቀማው እመጣለሁ» ይላል፤ መጥቶ ግን አያውቅም። ቁልፉ ሳያንገራግር ዞረላት። ወንበሮቹ አንሶላ ለብሰዋል። ለበሯ የሚሆን ነገር ብትፈልግ ከመሳቢያው ሹካና ደነዝ ቢላ እንጂ ሌላ አላገኘችም። ብርዱ አጥንቷ ድረስ ዘለቀ። ሜቶዲ ፈልጦ የተወው እንጨት ምድጃው አጠገብ እንደተከመረ ነበርና ለኮሰችው። ጭሱ መጀመሪያ ወደ ቤት ተመለሰ፤ ቆይቶ መንገዱን አገኘና ሽቅብ ሄደ።

እጇን እያሞቀች ሳለ የግቢው በር ሲበረገድ ሰማች።

«ሜቶዲ! አንተ ውሻ! ሳትነግረኝ ትመጣለህ?»

ቶንቾ ነው። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ከላዩ ለቀብርና ለፋሲካ የሚያወጣውን ኮት ደርቧል። ፀጉሩን በውሃ አስተኝቷል፤ ተጣድፎ ሲላጭ አገጩን ቆርጧል። ብብቱ ውስጥ ራሱ ያወጣው ራኪያ፣ የፍራፍሬ አረቄ፣ አለ። በሩ ላይ እንደቆመ ምድጃውን አየ፣ አንሶላዎቹን አየ፣ ከዚያ ኔዳን።

«አንቺ ነሽ» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«ሜቶዲስ?»

«የለም፣ ቶንቾ። አልመጣም።»

የተደበቀ ሰው ያለ ይመስል አንዴ ከበሩ ኋላ ዞር ብሎ አየ። «ጭሱን አይቼ…» አለና የቀረውን ዋጠው።

ኔዳ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። እሳቱን ስትለኩስ ብርዷን እንጂ ጭሱን አላሰበችም። በዚህ መንደር ጭስ ማለት ሰው ማለት እንደሆነ ደግሞ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ነጋዴው እሷን ካታለላት ይልቅ እሷ ቶንቾን ያታለለችው ባሰባት።

«ተቀመጥ እስቲ» አለችው።

ተቀመጠ። የሆነውን ሁሉ አንድ ሳታስቀር ነገረችው፤ ከእንግዲህ ምን መደበቂያ አለ? ስብርባሪውን ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። ቶንቾ መነጽሩን አድርጎ አገላብጦ አየው።

«ይሄን ነው በገንዘብ የገዛሽው?»

«ዋስትናው የዕድሜ ልክ ነው ብሎኛል።»

«የማን ዕድሜ? የራሱ ከሆነማ ዛሬ ሞቷል፤ ነፍስ ይማር።»

ኔዳ ሳታስበው ሳቋ አመለጣት። እሱ ግን አልሳቀም፤ ዐይኑ አሁንም በሩ ላይ ነው። ከዕቃው ሁሉ ደህና የቀረው የጠርሙስ መክፈቻው ብቻ ነበር፤ የራኪያው ጠርሙስ ደግሞ የተዘጋው በቡሽ ነው። ቶንቾ ቡሹን በጥርሱ ነቀለው።

ያን ጊዜ የኮቱ ኪስ ጮኸ። ስልኩን አውጥቶ ስሙን አነበበና ኔዳን አያት። ኔዳ እሑድ መሆኑን ጨርሶ ረስታው ነበር።

«ጋሼ ቶንቾ፣ እማዬ ስልክ አታነሳም!» የራሊትሳ ድምፅ ከስልኩ አልፎ ቤቱን ሞላው። «ስደውል ስደውል ዝም። ምን ሆናብኝ ነው? ፔታር ጫማውን እያደረገ ነው።»

ኔዳ ልለምነው ብላ አፏን ከፈተችና ራሊትሳ እንዳትሰማት መልሳ ዘጋችው። ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ጠበቀች።

ቶንቾ ጉሮሮውን ጠረገ። «እናትሽ ደግሞ ምን ትሆናለች? ዶሮ እያባረረች ይሆናል።»

«አይተዋታል ወይስ እንዲያው ለማጽናናት ነው?»

«ጭሷ ይታየኛል፣ ልጄ። ቀጥ ብሎ ነው የሚወጣው። ፔታርን ጫማህን አውልቅ በይው።»

ስልኩን ዘግቶ ኪሱ ከተተ። ኔዳ ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች።

«ለምን ዋሸህላት?»

«የምን ውሸት? ይሄ ጭስ ያንቺ አይደለም እንዴ?»

«በጸደይስ? ያኔ ምን ነክቶህ አሳበቅህብኝ?»

ቶንቾ ቡሹን በጣቶቹ መሀል አሸ። «ስትወድቂ የሞትሽ መሰለኝ» አለ። «ደነገጥኩ፣ ነገርኩ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ነው የመጣልኝ። ሴትዮዋን ቢወስዷትስ? ጠዋት ተነሥቼ የማንን ጭስ ነው የማየው?»

ኔዳ ይህን ሁሉ ጊዜ ሽቅብ የምታየው እሷ ብቻ መስሏት ነበር። የሜቶዲን ብርጭቆዎች በሻሿ ጠራርጋ አቀረበች። «ለሜቶዲ መመለስ» ብለው ጠጡ። አንዳቸውም አላመኑበትም።

ሳይጨልም ቶንቾ አሮጌ ፒንሳውን ይዞ መጥቶ በሯን ከፈተላት። የፒንሳውን ጫፍ የእጀታው ቀዳዳ ውስጥ ከትቶ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጠመዘዘው። «ግባና ሾርባ ቅመስ» ብትለው «ፍየሏ አልታለበችም» ብሎ ያን ነጭ ሸሚዙን እንደለበሰ ዳገቱን ወጣ። ኔዳ ለልጇ ደውላ «ዶሮዎቹ ጋ ነበርኩ» አለቻት። ከዚያ ወደ ሜቶዲ ቤት ተመልሳ ፍሙን በውሃ አጠፋች፤ የመጨረሻው ጭስ ወጥቶ እስኪያልቅም ደጅ ቆማ ጠበቀች። ቶንቾ ሁለተኛ እንዲታለል አልፈለገችም። ስብርባሪውን ዕቃ ቤቷ መልሳ መስኮቷ ደፍ ላይ ለሐሙስ አስቀመጠችው። ሐሙስ የምትጣላው ሰው አላት፤ እሱም አንድ ነገር ነው።

በማግሥቱ ከወትሮው ቀደም ብላ ተነሥታ ምድጃዋን ለኮሰች። ጭሱ ወፈር እንዲል እርጥብ እንጨት ጨመረችበት። ዐይኗን እያሻሸች ግቢ ወጥታ ሽቅብ አየች። የቶንቾ ቤት ገና ነው። ዶሮዎቹ ልቀቂን እያሉ ይንጫጫሉ። ካፖርቷን ጠበቅ አድርጋ ቆመች፤ ከላይ ቤት እስኪጨስ ድረስ አልለቀቀቻቸውም።