ሦስት ቋጠሮ

ሰንበቴ አንዴ ካለች አለች ነው። ባሏ ዶዮ፣ በነገሌ ጠራራ፣ ፍየል እንኳ ጥላ በምትፈልግበት ሰዓት፣ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ "በረደኝ፤ ሹራብ ሥሪልኝ" ሲላት ከነኢማ ሱቅ አሥር ጥቅል ቡናማ ክር ገዝታ መጣች። ልኩን ግን አልወሰደችም። ገና ሳይጋቡ፣ ሞያሌ ድረስ የጭነት መኪና ሲነዳ የለካችበት ሲባጎ ሣጥኗ ውስጥ አለ፤ አንዱ ቋጠሮ ደረቱ፣ አንዱ ክንዱ፣ አንዱ የትከሻው ስፋት። በዚያው ጀመረች።

ታላቅ እህቱ ጉያቱ ልትጠይቀው በመጣች ቁጥር "አካም" ብላ ሰላምታዋን ሳትጨርስ ዓይኗ ሹራቡ ላይ ነው።

"ይኼ ለሰውዬው ነው ወይስ ለመኪናው?"

"ለወንድምዎ ነው።"

"ወንድሜማ እዚህ ውስጥ ሁለቴ ይገባል። ተነሺና ለኪው እንጂ።"

"አልለካም።"

ሰንበቴ የገዛ እናቷ ያለቻትን ለጉያቱ አልነገረቻትም። ተኝቶ የሚለካ ሰው ጉድጓድ የሚቆፈርለት ነው፤ በሽተኛ ላይ ሲባጎ አይዘረጋም። ደግሞስ ዶዮ ይድን የለ? ሲድን ሥጋው ይመለሳል፤ ያኔ ጠባብ ሹራብ ምን ሊያደርግለት? እንዲህ እያለች ከወገቡ ጀምራ፣ ጠርዙን አጥብቃ ወደ ላይ ወጣች። ከጃንጥላ ዘንግ ያስሞረደቻቸው ሁለቱ የሹራብ መሥሪያ ሽቦዎች ከእጇ አልወጡም።

በሦስተኛው ሳምንት ጨረሰችና ደግፋ አለበሰችው። እጅጌው ጣቶቹን አልፎ ተንጠለጠለ፤ አንገቱ ወደ አንዱ ትከሻ ወረደ። ዶዮ ራሱን አየና ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረበት።

"የማን ነው?" አላት።

"ያንተ ነዋ።"

"የኔ አይደለም። ያ ሰውዬ ሄዷል፣ ሰንበቴ። አንቺ እሱን ትጠብቂያለሽ፤ እኔን እዚህ በርዶኛል።"

ሰንበቴ የተንጠለጠለውን እጅጌ ታጥፍለት ጀመር።

"ለኪኝ" አላት።

"ተኝተህ አልለካህም።"

"እንግዲያው አቁሚኛ።"

አቆመችው። እግሩ አልጸና ስላለው ሁለት እጁን ትከሻዋ ላይ ጣለ። ሲባጎውን አላመጣችም፤ በእቅፏ ለካችው። ድሮ ስታቅፈው የጣቶቿ ጫፍ ጀርባው ላይ አይገናኝም ነበር። አሁን እጆቿ ተላልፈው የራሷን ክርኖች ያዙ።

በማግሥቱ ሹራቡን ተረተረችው። የተተረተረ ክር እንደ ጠጉር ይጠቀለላልና ውሃ ውስጥ ነክራ፣ ድንጋይ አንጠልጥላበት አጥሩ ላይ ሰቀለችው። ጉያቱ መጥታ ይህን ስታይ የለመደችውን አልተናገረችም። ሲደርቅ አጠገቧ ቁጭ ብላ ክሩን ትጠቀልልላት ጀመር።

ከዚያው ክር የሠራችው ሁለተኛው ሹራብ ልክክ አለለት። "አሁን ሞቀኝ" አለ ዶዮ። ዘጠኝ ቀን ሳያወልቀው ቆየ፤ በዘጠነኛው አረፈ።

የዕድሩ ሰው ዳዳቻ የጉድጓዱን ልክ ሊወስድ እንጨት ይዞ ሲመጣ ሰንበቴ በሩ ላይ ጠበቀችው። ቁመቱን በእንጨቱ እንዲለካ ለቀቀችለት። ለስፋቱ ግን ሲባጎውን ከሣጥን አውጥታ የትከሻውን ቋጠሮ አስያዘችው።

"በዚህ ቆፍሩ።"

ዳዳቻ ዘረጋው፤ ወደ ውስጥ፣ ወደ አልጋው ተመለከተ።

"እሱ እኮ ይህን ያህል አይሞላም፣ እህቴ።"

"ይሞላ ነበር" አለች።