ከድልድዩ በታች የተቀዳ ውሃ

እህቴ ሲፕሪያና በሕይወት ሳለችም ውጪ ሲሏት እሺ ብላ የምትወጣ ሴት አልነበረችም። ስለዚህ በተቀበረች በሳምንቱ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ከግቢያችን የውሃ ገንዳ አጠገብ ስታስል ስሰማት መጀመሪያ ያልኩት "አሁንም?" ነው። መቀበሯ ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ሳሏን አሳምሬ አውቀዋለሁ። አጭርና ደረቅ ነው፤ ሲያበቃ ደግሞ የተናደደች የሚያስመስላት ትንፋሽ አለው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአልጋዬ ማዶ ሰምቼዋለሁ። ወጥቼ ሳይ ሰው የለም። ውሻችን ካፒታን ብቻ ገንዳው ፊት ቆሞ ጅራቱን ይቆላል። ከበሩ ሥር ያስቀመጥኩት የሲፕሪያና በረባሶ ርሷል። ሌሊቱን ግን ዝናብ አልጣለም።

እውነቱን ለመናገር ከአመዱ ጀምሮ ጠርጥሬ ነበር። በእኛ ዘንድ ሰው በሞተ በአምስተኛው ቀን ልብሱ ወንዝ ወርዶ ይታጠባል። የሚያጥቡት ጎረቤቶች ናቸው፤ የሥጋ ዘመድ ልብሱን ይዞ አልለቅም ስለሚል አይፈቀድለትም። ነፍስ ከእድፉ ጋር ለቃ በውሃው ትሄዳለች። አጣቢዎቹ ተመልሰው "ሄዳለች" እስኪሉ ድረስ ከእነሱ በታች ማንም ውሃ አይቀዳም፣ ከብትም አይጠጣም። ማታ ደጃፉ ላይ አመድ እንነሰንሳለን። ጠዋት የሟች ዱካ ወደ ውጪ ካቀና እፎይ ብለን በራችንን እንዘጋለን።

የሲፕሪያና ዱካ ያቀናው ወደ ውስጥ ነበር። የተጣመመችው ትንሿ ጣቷ ሳትቀር አመዱ ላይ ታትማለች። ቶሎ ብዬ ጠረግሁትና ለማንም ሳልናገር ቀረሁ።

ሳሉ ሲደጋገም ግን ዶን ሴኖቢዮ ዘንድ ሄድኩ። የመንደራችን የውሃ ዳኛ ናቸው፤ ቦይ ያስጠርጋሉ፣ ተራ ያስይዛሉ፣ በውሃ የተጣላውን ያስታርቃሉ።

"ሆርቴንሲያ፣ አንቺ መጥተሽ በጎ ነገር ሰምቼ አላውቅም" አሉኝ።

"እህቴ አልሄደችም።"

"ወዴት?"

"ወዴት ይላሉ እንዴ! ሙታን ወደሚሄዱበት ነዋ።"

የሚያኝኩትን የኮካ ቅጠል ወደ ሌላኛው ጉንጫቸው አዛወሩ። ፊታቸው ጨለመ። "እንግዲያው ልብሷ ሲታጠብ ከታች የቀዳ ሰው አለ። መንገዷ መሃል ላይ ተቆርጦባታል። መሄጃ ስታጣ የምታውቀውን በር ታንኳኳለች። የቀዳውን ሰው ፈልጊና ውሃውን ይመልስ።"

"ጠጥቶት ከሆነስ?"

"እሱን እንኳ አታሳስቢኝ።"

ቤት ለቤት እየዞርኩ ጠየቅሁ። ሁሉም በእናቱ ማለ። አንዷማ "ምነው፣ ከሐዘንሽ ላይ ነገር መፈለግ ጨመርሽበት?" ብላ በሩን ዘጋችብኝ። እየተሳደብኩ ስመለስ ነው የደልሚራ ሳጥን ትዝ ያለኝ።

ደልሚራ የሲፕሪያና አንድያ ልጅ ናት። ኩስኮ ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ለእኛ ለነባር ሕዝቦች ልጆች በተዘጋጀ ስኮላርሺፕ ነው። ግዴታው፣ እያንዳንዱ ተማሪ የገዛ መንደሩን ውሃ ዓመቱን ሙሉ እየተከታተለ መመርመር አለበት። ሲፕሪያና ይህን በሰማች ጊዜ ላልጠየቃት ሰው ሁሉ ስታወራ ከርማለች። ልጅቷ ለቀብር ስትመጣ ነጭ የበረዶ ሳጥን ይዛ ነበር። ስትመለስ እንባዋ መንገዱን ስለጋረደባት ሳጥኑን አዝዬ እስከ አውቶቡሱ ያደረስኩላት እኔ ነኝ። ከብዶኝ "ምን ሞልተሽበት ነው?" ስላት "ውሃ ነው አክስቴ" አለችኝ።

እህቴን በገዛ ጀርባዬ አዝዬ አውቶቡስ ላይ ጫንኳት ማለት ነው።

በማግስቱ ኩስኮ ወረድኩ። ደልሚራን ያገኘኋት ነጭ ካፖርት ለብሳ፣ ቤተ ሙከራ በሚሉት ብርዳም ክፍል ውስጥ ነው። ከስታለች። ሰላምታውን ሳንጨርስ ጠየቅኋት።

"ያን ውሃ ከየት ነው የቀዳሽው?"

"ከድልድዩ በታች" አለችና ቀጥ ብላ ቀረች። ነገሩ ገባት።

"አጣቢዎቹ እኮ ከላይ ነበሩ።"

"አላየኋቸውም፤ ወንዙ እዚያ ጋ ይታጠፋል።" ከንፈሯን ነከሰች። "ግን አውቅ ነበር አክስቴ። በዚያ ቀን ማንም እንደማይቀዳ አውቅ ነበር። መቅዳት አልመሰለኝም። መቅዳት ለመጠጥ ነው፣ ለማብሰል ነው። ይሄ ናሙና ነው። በጓንት ነው የያዝኩት።"

"በጓንት! አቤት አቤት፣ በጓንት ከሆነማ ምን ችግር አለው!"

በጥፊ ልላት እጄ ተነሥቶ ነበር። ስታፍር ግን ቁርጥ እናቷን ስለምትመስል አልቻልኩም። "ስጪኝና ልሂድ" አልኳት።

ከማቀዝቀዣው ውስጥ ጠርሙሱን አወጣች። "ነገ መመርመሪያው ማሽን ውስጥ ሊገባ ነው" አለች። "የመጀመሪያው ዝናብ ውሃ ይህ ብቻ ነው። ከላይ የተተወው የማዕድን ጉድጓድ ዝቃጭ ታጥቦ የሚወርደው ያኔ ነው። ይህ ከጎደለ የዓመቱ ሥራዬ ዋጋ የለውም፤ ስኮላርሺፑም ይቆማል።"

"ይቁም።"

"እሺ።" ጠርሙሱን እጄ ላይ አስቀመጠችው። ሳትከራከረኝ ስትቀር ይብስ ፈራሁ። "አንድ ነገር ግን አለ አክስቴ። አሲድ ጨምሬበታለሁ።"

"ምን አልሽ?"

"ጥቂት ጠብታ ነው። ውሃው ውስጥ ያለው መርዝ ከጠርሙሱ ግድግዳ ጋር እንዳይጣበቅ ሁልጊዜ ይጨመራል።" ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። "እናቴ ላይ አሲድ ጨመርኩ። ማቀዝቀዣው ሁልጊዜ ያስላል። ሞተሩ ነው፣ ሞተሩ ነው እላለሁ። ሞተሩ እንዳልሆነ አውቃለሁ።"

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጠርሙሱ በእጄ ነው፣ ጣቶቼን ያደነዝዛል፤ በሩም ክፍት ነው። ብወጣ የሚያስቆመኝ የለም። እህቴ መንገድ ላይ ቆማ እየጠበቀችኝ ነው። ያቺው እህቴ ግን በመጨረሻዎቹ ቀናት ትንፋሽ እያጠራት "ደልሚራ የዚህን ውሃ ጉድ ታወጣዋለች" ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ "ዝም ብለሽ ሾርባሽን ጠጪ" እላት ነበር።

"ይሄ ማሽን እናትሽን ምን እንደገደላት ይናገራል?" አልኳት።

"አይናገርም። ውሃው ውስጥ ምን እንዳለ ብቻ ነው የሚናገረው።"

ልትዋሸኝ ትችል ነበር። ባለመዋሸቷ አንጀቴን በላችው።

"ስንት ይበቃዋል?"

"ግማሹ።"

"ግማሹን ይውሰድ። ሌላውን ይዘን አብረን እንሄዳለን።"

በማግስቱ ማሽኑ በቀጭን ቱቦ ሲመጠው ቆሜ አየሁ። ደልሚራ በስክሪኑ ላይ የወጣውን ደጋግማ አነበበችና ወደ እኔ ዞረች። አርሴኒክ የሚባል መርዝ አለበት፤ ያውም ሰው ሊጠጣው ከሚችለው በብዙ እጥፍ። እኔም፣ እህቴም፣ ዶን ሴኖቢዮም ከሕፃንነታችን ጀምሮ የጠጣነው ነው።

ወደ መንደር ስንመለስ ዶን ሴኖቢዮ ድልድዩ ሥር ጠበቁን። አሲዱን ሲሰሙ "ይሄንንማ ወንዜ ውስጥ አትደፉም" ብለው ፊታችን ቆሙ።

"ዶን ሴኖቢዮ፣ ከኮካው ጋር የሚነክሷትን አመድ ይስጡኝ" አለች ደልሚራ።

"ለምን?"

"አሲዱን ይገድለዋል።"

እያጉረመረሙ ከኪሳቸው የአመዱን ድቡልቡል አወጡ። በጣቶቿ እየፈረፈረች ጠርሙሱ ውስጥ ጨመረች፤ ውሃው ትንሽ ተንጨረጨረና ጸጥ አለ። ወረቀት ነገር ነክራ ቀለሙን አየች። ዶን ሴኖቢዮም ጎንበስ ብለው አብረዋት አዩ። ከዚያ መንገዱን ለቀቁልን።

ደልሚራ ቀስ አድርጋ አፈሰሰችው። "ሂጂ እማዬ" አለች። አጣቢዎቹ እዚያ ስላልነበሩ "ሄዳለች" ያሉት ዶን ሴኖቢዮ ናቸው። ድምፃቸው ግን ብዙም አላመነም።

በማታው እንደገና አመድ ነሰነስኩ። ጠዋት ካፒታን በሩን ይዞ ሲያለቅስ አገኘሁት። ዱካው ወደ ውጪ አቅንቷል። የግራ እግር ነው። ቀጥሎም ግራ፣ እስከ አጥሩ ድረስ ግራ ብቻ፤ እንደ ሕፃን በአንድ እግር እየዘለለች የሄደች ይመስላል። የቀኙን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት። ለደልሚራ አልነገርኳትም። አመዱን ጠርጌ ቁርስ አቀረብኩላት።

የዚያኑ ዕለት መንደሩን ሰብስባ ውሃው እንዳይጠጣ ነገረች። ማንም አልጮኸባትም። ከኋላ አንዲት ሴት "ታዲያ ምን እንጠጣ?" አለች። ደልሚራ ውጤቱን ይዛ መሥሪያ ቤት ለመሥሪያ ቤት ለመዞር ወደ ኩስኮ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል። በረባሶው ደረቅ ነው፣ ገንዳው ዘንድም የሚያስል የለም። ሲፕሪያናን ለመሸኘት ያን ያህል የለፋሁ ሴትዮ፣ ማለዳ ተነሥቼ ጆሮዬን ወደ ገንዳው እሰጣለሁ። እህቴ ናፈቀችኝ።

አንድ ቀን ደልሚራ ደወለች።

"አክስቴ፣ እንዳትቆጪኝ። ማቀዝቀዣው አሁንም ያስላል።"

"ጠርሙሱን አላጠብሽውም?"

"አጥቤዋለሁ። ግን ጠዋት ስገባ ማሽኑ ፊት ወለሉ ይረጥባል። የእግር ዱካ ነው።"

"የቀኝ እግር ነው?"

"በምን አወቅሽ?"

"ትፈሪያታለሽ?"

"ሥራ ሲከብደኝ አልፈራትም" አለች።

በማግስቱ የቀኙን በረባሶ በጋዜጣ ጠቅልዬ ለአውቶቡሱ ሾፌር ሰጠሁት። ጫፉን ገልጦ አየና ሳቀ።

"አንድ እግር ብቻ? ለማን ነው?"

"ለእህቴ" አልኩት።